የአርባ ምንጭ ሽፈራው አዳማ ላይ፦ አተካከሉ፣ ወጡ፣ ዱቄቱ፣ ውሃ ማጥሪያው

የአዳማ ጓሮ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአርባ ምንጭ የመጣ የሽፈራው ዘር አለኝ፤ ነጣ ያለ፣ ትልልቅ፣ ሦስት ስስ ክንፍ ያለው ነው። አዳማ ግቢ ውስጥ ልተክለው አስቤያለሁ። ቦታው 8 ሜትር በ4 ሜትር ሲሆን የላይኛው ግማሽ አሸዋማ ነው፤ የታችኛው ግን ክረምት ላይ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ነው። በቀጥታ መሬት ላይ ልዝራው ወይስ በፕላስቲክ ላፍላው? በስንት ርቀት?

ሌላው፣ ከገበያ የገዛሁት ቅጠል እንደ ጎመን ሲሠራ መረረ፤ ሻክሮም ቀረ። እቤት ያደረቅሁት ደግሞ ቡናማ ሆነና ሽታው ተለወጠ። አማቴ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ዱቄቱን በሻይ ቢጠጡ ችግር አለው? በመጨረሻ፣ በፍሬው ውሃ ይጣራል ሲባል እሰማለሁ፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን ስንት ፍሬ ነው? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።


ችግኝ ጣቢያ

ዘሩ ነጣ ያለና ትልቅ ከሆነ የእኛው የደቡቡ ሽፈራው ነው። የሕንዱ ሞሪንጋ ፍሬ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ አነስ ያለና ክብ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ኢንተርኔት ላይ «ሞሪንጋ» ብለው ሲፈልጉ የሚመጣው መመሪያ አብዛኛው የሕንዱን (ሞሪንጋ ኦሌይፌራ) ስለሚመለከት ነው። በዓመቱ ያፈራል፣ በ10 ሴ.ሜ ርቀት አጠጋግታችሁ ዝሩ፣ ለጋ ፍሬውን እንደ ፎሶሊያ ቀቅሉ የሚለው ሁሉ የእርሱ ነው። የእኛው ሳይንሱ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ የሚለው ነው፤ በኮንሶ፣ በደራሼ፣ በጋሞ አልፎም በሰሜን ኬንያ ይበቅላል። ለማበብ ብቻ ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ግንዱ ከታች እንደ ጠርሙስ ይወፍራል፤ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፤ ድርቅንም ይበልጥ ይችላል። ሰዉ በደቡብ ከማሳው የማያጠፋው ሌላው አረንጓዴ ሁሉ ሲደርቅ እርሱ ቅጠል ስለሚሰጥ ነው።

አተካከል፦ ዘሩን ከመዝራትዎ በፊት ይፈትኑ። 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 12 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው። ከ5 በታች ከሆነ አርጅቷልና ሌላ ይፈልጉ። የሽፈራው ዘር ዓመት ካለፈው የመብቀል ኃይሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሻጭ ደግሞ የትኛው ዓመት እንደተለቀመ አይነግርዎትም።

አፈሩ በደንብ የሚያሳልፍ ከሆነ በቀጥታ መሬት ላይ መዝራት ይሻላል። ዋናው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወፍራል፤ ዛፉን ድርቅ የሚያስችለውም ያ ሥር ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ችግኝ ሥሩ ታች ላይ ይጠመዘዛል፤ ከተተከለ በኋላም ቀጥ አይልም። ፍየልና ዶሮ ካለ ግን በፕላስቲክ ማፍላቱ ይመረጣል። ድብልቁ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ ነው። ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ክንፉን ማውለቅ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ፕላስቲክ ሁለት ፍሬ በ2 ሴ.ሜ ጥልቀት ያኑሩ። ጠልቆ የተቀበረ ዘር ከመውጣቱ በፊት ይበሰብሳል። ውሃ በየሁለት ቀኑ ይበቃል፤ ብዙ ችግኝ የሚሞተው ከጥማት ይልቅ ከውሃ ብዛት ነው። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ከሥሩ ይቁረጡት እንጂ አይንቀሉት፤ ሲነቀል የጎረቤቱን ሥር ያናጋል።

አዳማ ላይ መጋቢት መጨረሻ ወይም ሚያዝያ አፍልተው ሐምሌ መጀመሪያ ዝናቡ ሲረጋ ይትከሉ። ጉድጓዱ 50 በ50 በ50 ሴ.ሜ ይሁን፤ የላይኛውን አፈር ለብቻ አውጥተው ከፍግ ጋር ቀላቅለው መልሱት። በላይኛው አሸዋማ ክፍል በ3 ሜትር ርቀት ሦስት ዛፍ ይበቃል። ለአጥር ከሆነ በ1 ሜትር ርቀት ተክሎ በየጊዜው መከርከም ነው። ታችኛው ጥቁር አፈር ላይ አይትከሉ። ክረምት ላይ ለጥቂት ቀን ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ሰው ተጠምቷል ብሎ ጭራሽ ውሃ ይጨምርበታል። ግድ ከሆነብዎ አፈሩን ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገው መደብ ሠርተው ይትከሉ።

ዛፉ 1 ሜትር ተኩል ሲደርስ ጫፉን ይቁረጡ። ካልተቆረጠ ወደ ላይ ብቻ ይመዘዝና ቅጠሉን ለመልቀም መሰላል ይጠይቃል።


ቦሌ በረንዳ

ችግኝ ጣቢያ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ አዲስ አበባስ?


ችግኝ ጣቢያ

አልመክርም። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ቅጠሉን ያረግፈዋል። ላይሞት ይችላል፤ ግን በዓመት የሚሰጠው ቅጠል ለአንድ ድስት አይበቃም። ጠያቂዋም ቢሆኑ አዳማ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር እድገቱ ቢቆምና ቅጠሉ ቢገረጣ አይደንግጡ፤ በዚያን ጊዜ ውሃውን ይቀንሱ። ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ያቆጠቁጣል።


ጋሞ ማዕድ

እህቴ፣ ምሬቱና መሻከሩ ሁለት የተለያየ ምክንያት አላቸው። መሻከሩ ከአገዳው ነው። ትንንሾቹን ቅጠሎች ከተያያዙበት ቀጭን አገዳ አንድ በአንድ መላጥ ያስፈልጋል፤ አገዳው ለሁለት ሰዓት ቢቀቀልም አይለሰልስም። ቅጠሉ ራሱ ካረጀ፣ ማለትም ጠቆር ካለና ሲታጠፍ ከተሰበረ፣ ለወጥ አይሆንም፤ ለዱቄት ያድርጉት። ለወጥ ከቅርንጫፉ ጫፍ ያለው ገርጣ ያለ አረንጓዴ ነው የሚፈለገው።

ምሬቱ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ካለው እንደ ሰናፍጭ ዓይነት ንጥረ ነገር ይመጣል። በመጀመሪያው ውሃ ይወጣል። 1 ኪሎ የተላጠ ቅጠል ከሆነ 4 ሊትር ያህል ውሃ አስቀድመው ያፍሉ፤ ቅጠሉን ውሃው ሲንተከተክ ይጨምሩት እንጂ በቀዝቃዛው አይጣዱት። ድስቱን ሳይከድኑ 10 ደቂቃ ያፍሉትና ውሃውን ይድፉት። ከዚያ በአዲስ ፈልቶ የተዘጋጀ ውሃና ትንሽ ጨው፣ ለጋው 15 ደቂቃ፣ ጠንከር ያለው እስከ 40 ደቂቃ። ሁለተኛው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመሩ ቅጠሉ ይደርቃል፤ ጥርስ ላይም ይንጫጫል። እንደ ጎመን ለመሥራት ጨምቀው ከትፈው በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ያቁላሉት። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ነው።

ግን እንደ ጎመን ብቻ ማሰብ ሽፈራውን ማሳነስ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ኩርኩፋ (ከቅጠሉ ጋር የሚቀቀል የሊጥ ድቡልቡል) ነው የሚሠራበት፤ ኮንሶና ደራሼም በየመልኩ ይሠሩታል። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የበቆሎ ዱቄት (ወይም ግማሹ የማሽላ) በትንሽ ጨው በጣም በሞቀ ውሃ ይታሻል። ውሃው የሞቀ መሆኑ ግዴታ ነው፤ በቆሎ እንደ ስንዴ የሚያጣብቅ ነገር የለውም፤ የሚያያይዘው በሙቀት የተነፋው ስታርች ብቻ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የታሸ ሊጥ ድስት ውስጥ ገብቶ ይፈረካከስና ገንፎ ይሆናል። ሊጡ እጅ ላይ ሳይጣበቅ ሲጨበጥ ከተያያዘ ደርሷል። በአውራ ጣት ልክ እየቆረጡ ያድቦልቡሉት። ቅጠሉ ሁለተኛው ውሃ ላይ እየፈላ ሳለ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይጨምሩት። ለመጀመሪያው 5 ደቂቃ አያማስሉት፤ ላዩ ሲጠነክር ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ማገላበጥ ይቻላል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። አንዱን ቆርጠው መሐሉ ነጭ ዱቄት ካላሳየ በስሏል። ቅቤ ወይም ዘይት ከላይ ይፈስበታል፤ ዳጣ ከጎን ይቀርባል።


ሰናይት ጎን

ሁሌም የምሰማው ውሃውን መድፋት ቫይታሚኑን መድፋት ነው የሚል ነው። ታዲያ ለምን እንደፋለን?


ጋሞ ማዕድ

ከቫይታሚን ሲው የሚሄድ አለ፤ ልክ ነው። ግን ቫይታሚን ሲ በ40 ደቂቃ መቀቀል ለራሱ አብዛኛው ይጠፋል። ካልሲየሙ፣ ፕሮቲኑና ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ቢጫ ቀለም በአብዛኛው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። «ከብርቱካን ሰባት እጥፍ» የሚለው ማስታወቂያ የቆመው ትኩስ ያልበሰለ ቅጠል ላይ ነው፤ ያን ማንም አይበላውም። ቫይታሚን ሲ የፈለገ ሎሚ ይጭመቅበት። ውሃው የተደፋበት ሌላው ጥቅም ደግሞ እንቅርት ባለበት አካባቢ ይታያል፤ ያ የሚመረው ንጥረ ነገር በብዛት በየቀኑ ሲበላ አዮዲን እንዳይሠራ ያስቸግራል። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም አይዘንጋ።


ደረቅ ቅጠል

ስለ ዱቄቱ እኔ ልመልስ። ቡናማ የሚሆንባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከለቀማ እስከ ማድረቂያ ባለው ሰዓት ነው። ቅጠሉ ተቆርጦም ይተነፍሳል፤ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ሁለት ሦስት ሰዓት ከቆየ መሐሉ ይሞቅና ይጠቁራል። ማለዳ ጤዛው ሲደርቅ ለቅመው በሰፌድ ላይ ሳስቶ እንዲያርፍ ያድርጉ። ይጠቡት፤ በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው (ሁለት የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው) በጥብጠው 5 ደቂቃ ነክረው በንጹህ ውሃ ያለቅልቁ፤ ከዚያ ውሃው ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ያንጠባጥቡት።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን አረንጓዴውንም ያንን ቢጫ ቀለምም ያቃጥላል። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ክፍል፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወንፊት ወይም የትንኝ አጎበር ላይ፣ አንድ ቅጠል በአንድ ቅጠል ሳይደራረብ። በቀን ሁለቴ ያገላብጡት። በበጋ አዳማ ላይ 3 ወይም 4 ቀን ይበቃል። ክረምት ላይ አይሞክሩት፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። የደረቀው በእጅ ሲታሽ እንደ ደረቅ ብስኩት መሰባበር አለበት፤ ከታጠፈ ገና ነው። የተላጠ ትኩስ ቅጠል 5 ኪሎ ያህል ወደ 1 ኪሎ ዱቄት ይወርዳል። ከነአገዳው ከመዘኑት ግን 7 እስከ 10 ኪሎ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ በጣም ርካሽ ዱቄት ካዩ አገዳው አብሮ ተፈጭቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ወፍጮ ነው። የሰፈር ወፍጮ ድንጋዩ ይግላል፤ ዱቄቱ ትኩስ እያለ በፕላስቲክ ከታሰረ ላብ ይቋጥራል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በርበሬ ከተፈጨ በኋላ የእርስዎ መግባቱ ነው፤ የተለወጠው ሽታ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ከሆነ እቤት በቡና መፍጫ እያረፉ ይፍጩ፣ በጠባብ ወንፊት ይንፉ፣ ቀዝቅዞ ሲያልቅ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ይክደኑ። ከ6 ወር በላይ አያቆዩት። ወጥ ላይ ሲጨመርም ከእሳት ሲወርድ ነው እንጂ አብሮ አይቀቀልም።


የመድኃኒት ባለሙያ

ለአማትዎ፦ ቅጠሉን እንደ ምግብ፣ እንደሌላው ጎመን፣ ቢበሉት ችግር የለውም። ዱቄትና ሻይ ግን በየቀኑ ሲወሰድ የተለየ ነገር ነው፤ መጠኑ አይታይም፣ ከመድኃኒት ጋርም ይደመራል። ቅጠሉ ስኳርንና ደም ግፊትን ዝቅ እንደሚያደርግ በእንስሳት ላይ በተሠሩ ጥናቶች ታይቷል፤ በሰው ላይ የተሠራው ትንሽ ነው። በጥናቱ የሚሰጠው የተጨመቀ መጠንና አንድ ማንኪያ ሻይ ደግሞ አይወዳደሩም። ስለዚህ ዱቄቱ መድኃኒቱን አይተካም።

የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይጠጡና ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስጋቱ ያነሰ ነው። የደም ግፊቱም ከመቀመጫ ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ይለካ። መጀመር ከፈለጉ ለሐኪማቸው ነግረው፣ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሳያልፉ፣ ምግብ ላይ ጨምረው፣ ለሁለት ሳምንት ስኳርና ግፊታቸውን እየለኩ ይሁን።

ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ዱቄቱን ይተው፤ ቫይታሚን ኬው መድኃኒቱን ያዳክማል። የእንቅርት ክኒን ሌቮታይሮክሲን የሚወስድም፣ ፖታሲየም የተከለከለ የኩላሊት ሕመምተኛም ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ሥሩንና ቅርፊቱን ማንም አይጠጣ፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ ፈጽሞ። የሰፈር ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመክረው ሥሩን መሆኑ ነው የሚያሳዝነው፤ ጎጂ ንጥረ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።


ባልዲና ጨርቅ

የውሃው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ፍሬው ውሃን ያጠራል፤ አያክምም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ አለው፤ ደፍራሹ ጭቃና አብዛኛው ባክቴሪያ ኔጌቲቭ ነው። ይሳሳባሉ፣ ይቋጠራሉ፣ ይከብዱና ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ከታች ያለው አተላ ግን ባክቴሪያውን ይዞ ነው የተቀመጠው፤ ውሃው ከቆየ ተመልሶ ይራባል።

አሠራሩ፦ ደርቆ ከዛፉ የተለቀመ፣ ያልሻገተ ፍሬ ይምረጡ። ክንፉንና ቅርፊቱን ገፍፈው ነጩን ብቻ ያስቀሩ። ቢጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለበት ይጣል። በሙቀጫ እስኪልም ይውቀጡት፤ ዘይት ስላለው መጨረሻ ላይ ሊጥ ይሆናል። በአንድ ኩባያ ንጹህ ውሃ በጥብጠው በጠርሙስ 5 ደቂቃ በኃይል ይነቅንቁ። በንጹህ ጨርቅ አጥልለው ነጩን ፈሳሽ ብቻ ደፍራሹ ውሃ ላይ ያፍሱ። አንድ ደቂቃ በፍጥነት ያማስሉ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ በጣም ቀስ ብለው፤ ቀስ ማለቱ ነው ቋጠሮውን የሚያሳድገው፤ በፍጥነት ከቀጠሉ የተያያዘው ይበታተናል። ሳይነኩ ሁለት ሰዓት ያስቀምጡ። የላይኛውን ውሃ ሳያናውጡ በሌላ ዕቃ በጨርቅ ያንቆርቁሩ።

መጠኑ እንደ ድፍርሱ ነው። የሚዞረው መለኪያ ለሕንዱ ፍሬ የወጣ ነው፦ ትንሽ ደፍረስ ያለ ውሃ ለ4 ሊትር አንድ ፍሬ፣ መካከለኛው ለ2 ሊትር አንድ፣ በጣም የደፈረሰ ለ1 ሊትር አንድ፣ የጎርፍ ጭቃ ለሆነ ሁለት። በዚህ ሲታሰብ ለ20 ሊትር ጀሪካን ከ5 እስከ 40 ፍሬ ሊሆን ነው። የእኛው ፍሬ ስለሚበልጥ ያንኑ ቁጥር መውሰድ ያበዛዋል። ፍሬ ሲበዛ ደግሞ ውሃው እንደገና ወተት መሳይ ይሆናል፣ ይሸታል፤ ሰው ደግሞ አልጠራም ብሎ ይጨምራል። መፍትሔው ቀላል ነው። አራት ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሞልተው ከአንድ ፍሬ ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድ ሙሉና ሁለት የሚሆን ፈሳሽ ይጨምሩ። በሰዓት ውስጥ የትኛው እንደጠራ ይታያል፤ ከጠሩት መካከል ትንሹን መጠን በ20 ያባዙ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይደገም፤ የወንዝ ውሃ ከቀን ቀን አንድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ አፍልተው ወይም ውሃ አጋር (የክሎሪን ፈሳሽ) ጨምረው ይጠጡ። ክሎሪን የሚገባው ከጠራ በኋላ ነው፤ ደፍራሽ ላይ ቢጨመር ጭቃው ይበላዋል። የተጣራውን በዚያው ቀን ይጨርሱት፤ ከፍሬው የቀረ ነገር ስላለበት በማግስቱ ይሸታል።


ችግኝ ጣቢያ

አንድ ነገር ልጨምር፤ በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ ዋናው ጠላቱ ኖርዳ የሚባል የእሳት እራት ትል ነው። ቅጠሉን በድር ያያይዝና ሥጋውን ግጦ ደም ሥሩን ብቻ ያስቀራል፤ በአንድ ሳምንት ዛፉን ያራቁታል። ትሉ ወደ ሙሽሬነት (የእሳት እራት ከመሆኑ በፊት ወዳለው ደረጃ) የሚለወጠው ዛፉ ሥር ባለው አፈር ውስጥ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ አፈሩን ብዙ ሳያጠልቁ ይኮትኩቱ፤ ዶሮ ካለዎት ዛፉ ካደገ በኋላ ይልቀቋቸው። ገና ሲጀምር በድር የተያያዘውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉ። ከበዛ 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ፍሬ በ1 ሊትር ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፈው አጥልለው ትንሽ ሳሙና ጨምረው ወደ ማታ ይርጩ። ከረጩ በኋላ ለአንድ ሳምንት ቅጠሉን ለምግብ አይልቀሙ። መርዝ ከሱቅ ገዝቶ መርጨት ግን የሚበላ ቅጠል ላይ አይደረግም።

ለማገዶም አይጠብቁት፤ እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም።


ሪያድ ነዋሪ

እዚህ ሳዑዲ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ገበያው ላይ «አል-ባን» ተብሎ የሚሸጠው ሦስተኛ ዓይነት ነው፣ ሞሪንጋ ፔሬግሪና። አል-ዑላ አካባቢ በተራራ ይበቅላል፤ ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ለኩርኩፋ አይሆንም። ከአገር ቤት የደረቀ ሽፈራው የመጣላችሁ ግን ከመቀቀላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት በሞቀ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ያንን ውሃ ድፉና ከላይ እንደተባለው ቀጥሉ።


የአዳማ ጓሮ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ልጠይቅ፦ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጬ ብተክል አይፈጥንም?


ችግኝ ጣቢያ

ይፈጥናል። ክንድ የሚያህል ውፍረት፣ 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው፣ ለጋ ያልሆነ ቅርንጫፍ ይምረጡ፤ ቁስሉ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ አጋድመው ሲሶውን ይቅበሩ። ጥሬውን ወዲያው ከቀበሩት ይበሰብሳል። ግን ያ ወፍራም ወራጅ ሥር አይኖረውም፤ ሥሩ ላይ ላዩን ይሄዳል፣ ነፋስ ይጥለዋል፣ ምስጥም ይቀድመዋል። ለአጥር ቅርንጫፍ፣ ግቢ ውስጥ ለሚቆመው ዛፍ ዘር ይጠቀሙ።